ከጫጩት ሽል ጡንቻ ጋሌክቲን ስለማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ለመመረቂያ ጽሑፌ በሽል እድገት ወቅት ከህዋሳት ውጪ ባለው መረብ ውስጥ የሚገኙትን ስኳር ያዥ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ጋሌክቲኖችን፣ እያጠናሁ ነው። ከአካባቢው አርቢዎች የገዛኋቸውን እንቁላሎች በማስፈልፈያ አቆይቼ፣ በ12ኛው ቀን የሽሉን የእግር ጡንቻ በጨው ባፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ በተደረገ የጨው ውህድ) ፈጨሁ፤ በሴንትሪፊዩጅ ካዞርኩ በኋላም ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ከጥንቸል ቀይ የደም ህዋሳት ጋር ቀላቀልኩት፤ ጋሌክቲን ካለ የህዋሳቱን ስኳር ይዞ እርስ በርስ ያያይዛቸዋልና። ሆኖም ህዋሳቱ አልተያያዙም፤ በየጉድጓዱ ግርጌ እንደ ቀይ ነጥብ ተሰብስበው ቀሩ። ላክቶስ (ጋላክቶስ ያለበት የወተት ስኳር) ባለበት ባፈር ያወጣሁት ናሙናም ያንኑ አሳየ። ፕሮቲኑ በዚህ ዕድሜ የለም ማለት ነው ወይስ የአሠራር ጉዳይ ነው?

መልስ፣ ከደብረ ሲና

ፕሮቲኑስ አለ። የዚህ የጡንቻ ሌክቲን (ስኳር ያዥ ፕሮቲን) መጠን በሽልነት ጊዜ ከፍ ብሎ በአዋቂ ዶሮ እጅግ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የታወቀ ነውና የመረጡት ዕድሜ ጥሩ ነው። ጋሌክቲን የሚይዘው ጋላክቶስ ያለበትን ስኳር፣ ቤታ ጋላክቶሳይድን፣ ሲሆን፣ ይህ ስኳር የመረቡ ፕሮቲኖች በሆኑት በላሚኒንና በፋይብሮኔክቲን ላይ በተንጠለጠሉ ሰንሰለቶች ስለሚገኝ፣ በጨው ባፈር ብቻ ሲፈጩት አብዛኛው ከመረቡ ጋር እንደተጣበቀ ወደ ዝቃጩ ይወርዳል። 0.1 ሞላር ላክቶስ ያላቅቀዋል፤ ነገር ግን ላክቶሱ ራሱ የመያዣ ቦታውን ሞልቶ ስለሚቆይ፣ በዳያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ከረጢት በማጠብ) ባፈሩን ደጋግመው እየለወጡ ካላስወገዱት ቀይ የደም ህዋሳቱን የሚያያይዝ ነገር አይኖርም። ሁለቱ ናሙናዎችዎ አንድ ዓይነት ውጤት የሰጡት እንግዲህ በተለያየ ምክንያት ነው።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

በዚህ ላይ የምጨምረው ዳያሊሲሱ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የጋሌክቲን 1 ወገን የሆኑት በሲስቴይን አሚኖ አሲዶቻቸው ምክንያት በአየር ኦክስጅን ተጠቅተው ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ ከመፍጨት እስከ ምርመራው ድረስ በባፈሩ ውስጥ ከዚህ ጥቃት የሚከላከል 4 ሚሊሞላር ሜርካፕቶኤታኖል ይኑር። ሽታው ክፉ፣ ትነቱም ጎጂ ስለሆነ አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ ይሥሩ። የጥንቸሉ ህዋሳትም አስቀድመው ፕሮቲን በሚቆርጠው ኤንዛይም በትሪፕሲን ካልታከሙ ምላሻቸው ደካማ ነው። ሲሳካልዎ ህዋሳቱ በነጥብ ፋንታ ግርጌውን በሙሉ በስሱ ሸፍነው ያገኟቸዋል። ያኔ ላክቶስ ሲጨምሩ መያያዙ ከቆመ፣ ጋላክቶስ የሌለውን ሱክሮስ ሲጨምሩ ግን ካልቆመ፣ ያያያዛቸው ጋላክቶስ ያዥ ሌክቲን ነው ለማለት ይችላሉ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

እኔ ስለ ዕድሜው ቆጠራ ልናገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሽሉ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ እንቁላሉም ውሃውን ቶሎ ያጣል። መብራት ሲጠፋ የሚወርደው ሙቀት ሲጨመርበት፣ የእኛ 12ኛ ቀን ቆላ ካለው 12ኛ ቀን ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በቀን አይቁጠሩ፤ ሃምበርገርና ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጡት፣ የጫጩት ሽል እድገትን በመልኩ በሚለይ የ46 ደረጃዎች ሠንጠረዥ ይመድቡ። በእርስዎ ዕድሜ አካባቢ መለያው የመንቆሩና የሦስተኛው የእግር ጣት ርዝመት ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መያያዙ ከታየ ፕሮቲኑ ከህዋሱ ውጪ ነበር ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፣ ከደብረ ሲና

አይችሉም። ጋሌክቲን የመውጫ ምልክት የሌለው፣ በሳይቶፕላዝም ተሠርቶ ከተለመደው የማስወጫ መንገድ ውጪ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ሲፈጩት የውስጡና የውጪው ይደባለቃል። ጡንቻውን ሳይፈጩ በቀዝቃዛ የላክቶስ ባፈር ቀስ ብለው ይጠቡት፤ ከታጠበው ፈሳሽና ከቀረው ሥጋ ለየብቻ ይለኩ። በዚያው ፈሳሽ ውስጥ የሳይቶፕላዝም ኤንዛይም የሆነውን ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ለክተው እምብዛም ካላገኙ፣ ህዋሳቱ ሳይፈነዱ መታጠባቸውን ያረጋግጣሉ።