«ፍላት ሬትድ» ሞተር፦ «ፍላት» እዚህ ምን ማለት ነው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ወገኖች። ስለ ጄት ሞተር ሳነብ «ይህ ሞተር እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ፍላት ሬትድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አጋጠመኝ። ነጥበ ፍላት ትዝ ብሎኝ 30 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ፈለግኩ። ግን አልገጠመልኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

የጥገና ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ በፊደላችን ሲጻፍ ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የእኛው ከ«ፈላ» የመጣ ነው። ያኛው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ደልዳላ፣ ከፍ ዝቅ የማይል ማለት ነው።

ደልዳላ የተባለው የሞተሩ ገፊ ኃይል ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ክብደቱ ይቀንሳል። ያንኑ ያህል ለመግፋት ተጨማሪ ነዳጅ ማቃጠል፣ በፍጥነትም መሽከርከር አለበት። ያኔ ከማቃጠያው ቀጥሎ ያለው፣ በጋለው ጋዝ የሚሽከረከረው ተርባይን እየጋለ ይሄዳል። የውጭው አየር 30 ዲግሪ እስኪደርስ ተርባይኑ ይችለዋል፤ ገፊ ኃይሉም ሳይቀንስ ይዘልቃል። ከዚያ በላይ ግን ተርባይኑ የሙቀት ጣሪያውን ይነካል። ነዳጅ መጨመር የለም። አየሩ በሞቀ ቁጥር ገፊ ኃይሉ ይወርዳል። በሥዕል ብታየው መስመሩ መጀመሪያ ሜዳ ነው፣ ቀጥሎ ቁልቁለት። «ፍላት» ያሉት ሜዳውን ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ደግሞ ብርዱ ነው። በቀዝቃዛ ቀን ሞተሩ ከተጻፈለት በላይ መግፋት ይችላል። ግን አይፈቀድለትም። ሌላው አካሉ ለዚያ ኃይልና ለውስጡ ግፊት አልተሠራማ። ለዚህ ነው «ሬትድ»ን «ችሎታ» ብሎ መተርጎም የሚያሳስተው። የተፈቀደ ልክ ነው።

ቃል ፈላጊ፦
አሁን ገባኝ! ጣሪያው ታዲያ ብረቱ የሚቀልጥበት ነው?

የጥገና ባለሙያ፦
አይደለም። በዘመናዊ ሞተር ተርባይኑ ላይ የሚያርፈው ጋዝ ራሱ ምላጩ (የተርባይኑ ስስ ክንፍ) ከተሠራበት የኒኬል ቅይጥ መቅለጫ በላይ የጋለ ነው። ምላጩን የሚያተርፈው በውስጡ እያለፈ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣ ቀዝቀዝ ያለ አየርና የላይ ልባሱ ነው። ጣሪያው የተቀመጠው ለዕድሜው ነው። በጣም እየጋለ በኃይል የሚሽከረከር ምላጭ ሳይቀልጥም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ የሚፈቀደው ሙሉ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተርጓሚዋ፦
ከቃሉ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። ገፊ ኃይልን «ግፊት» ብንለው፣ ቃሉ የአየርም የፈሳሽም ግፊት ስለሆነ እዚህ ያደናግራል። «ገፊ ኃይል» ጥሩ ነው፣ እሱን እንያዝ። ለ«ፍላት» ደግሞ «ወጥ» እላለሁ፤ «ወጥ አሠራር» እንደምንለው። «ደልዳላ» ለመሬት ይስማማል፣ ለኃይል ግን ይከብደኛል።

ሌላም ተያያዥ ቃል አለ። አብራሪዎች ለመነሳት ሲዘጋጁ ማኮብኮቢያው ረጅም፣ ጭነቱም ቀላል ሲሆን ኮምፒውተሩን አየሩ ከእውነተኛው በላይ የሞቀ ነው ይሉታል። እሱም ገፊ ኃይሉን ቀነስ ያደርጋል፤ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል። ለዚህኛው «ታሳቢ ሙቀት» ልክ ይመስለኛል። «የውሸት ሙቀት» ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አልወደድኩትም። በስሌት የተፈቀደ አሠራር እኮ ነው።

ቃል ፈላጊ፦
እንግዲያው ዓረፍተ ነገሬን እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ይህ ሞተር የውጭው አየር 30 ዲግሪ እስኪደርስ ወጥ ገፊ ኃይል እንዲሰጥ ልክ ተቀምጦለታል።»

የጥገና ባለሙያ፦
«በባሕር ጠለል ላይ» የምትለዋን ጨምርባት። ከፍታ ሲጨምር ቁጥሩ ይለወጣል።