የአባቴ ነገር ሲነሳ አፌ ይተሳሰራል፣ እንዴት አለፋችሁት?

ሰላም፣ ጀርመን ነው ያለሁት፣ ሳይኮአናሊሲስ (ሶፋ ላይ ተጋድሞ የመጣልህን የምትናገርበት የሥነ ልቦና ሕክምና) ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው፣ ኢንሹራንሱ እስከ 300 ሰዓት ስለሚሸፍን ገንዘቡ አይደለም ችግሬ። የአባቴ ነገር ሲነሳ ወይ ቀልድ እጀምራለሁ ወይ ሶፋው ላይ ተጋድሜ የጣሪያውን ስንጥቅ እያየሁ ጭጭ፣ ባለፈው ደሞ ባቡር አመለጠኝ ብዬ 20 ደቂቃ አረፈድኩ፣ እውነቱ ግን ጣቢያው ላይ ቆሜ ሦስት ባቡር አሳልፌ ነው። የምታክመኝ ሴትዮ "ይሄ ራሱ ሬዚስታንስ ነው" አለችኝ፣ ማለትም ሳይታወቀኝ የሚያመኝን ነገር እየሸሸሁ ሕክምናውን መቃወሜ ነው፣ ገባኝ፣ ግን ስለገባኝ ምንም አልተቀየረም!! የሳይኮአናሊሲስ መሥራቹ ፍሮይድም በ1914 እ.ኤ.አ. ስሙን ስለጠሩት ብቻ አይጠፋም፣ ታካሚው ቀስ እያለ እንዲላመደውና እንዲታገለው ጊዜ ይሰጠው ብሏል። እሺ፣ ግን በተግባር ምን ላድርግ? ስለ ባቡሩ መዋሸቴን ልንገራት? በአማርኛ የሚመጣብኝን በጀርመንኛ ስለው ስሜቱ ይሞትብኛል፣ እሱስ ሬዚስታንስ ነው? ያለፈበት ካለ በናታችሁ።