የፈረሰውን የሚሲዮን ክሊኒክ መልሶ መገንባት፦ በጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ የተደረገ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ በሰፊው ይተነትናል፤ ክሊኒኩ ከተከፈተ በኋላ በምን እንደሚተዳደር ግን ያለው አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የምናነበው ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ቁስል ካሰረለት በኋላ ለእንግዶች ማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቷል። የእኛ ረቂቅ ቁስል ማሰሩን እንጂ ቃል መግባቱን አልያዘም። እባካችሁ በዚህ ላይ ሐሳብ ስጡ።

መሐንዲስ፦
ሰብሳቢያችን ያነሡት ልክ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለኝ። ረቂቁ «ግድግዳው ይጠገናል» ይላል፤ ማን መርምሮት? ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመልክቷል። «ኑ እንሥራ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

በማዋለጃው ክፍል መስኮት ጥግ በሰያፍ የወረደው ስንጥቅ የልስን ስንጥቅ አይደለም። እርሳስ ያስገባል፤ በውስጥም በውጭም በአንድ መስመር ይታያል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ መሠረቱ በአንድ ወገን መስመጡን ያመለክታል። አሸንዳው ከተነቀለ ወዲህ የጣሪያው ውኃ በዚያው ጥግ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። ውኃውን ሳናርቅ ግድግዳውን ብንለስን ስንጥቁ ከጥቂት ክረምት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አሸንዳውና የውኃ መውረጃ ቦዩ ይቅደሙ፤ ከዚያ መሠረቱ ተቆፍሮ ይታይ። የድሮው የጣሪያ ክዳን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር ማንም በመዶሻ እንዳይነካው። ለበጎ ፈቃድ ሥራ የተመዘገቡት ወጣቶች ይህን አስቀድመው ይወቁ፤ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦
ወንድማችን ስለ ውኃው ያሉትን እደግፋለሁ። እኔ ደግሞ ከዚያው ከማዋለጃው ክፍል ሳልወጣ ልናገር። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ለመከላከል የምንሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ እየዋለ እያደረ ኃይሉን ያጣል። ብልቃጡን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ደህናውም የተበላሸውም እንደ ውኃ የጠራ ነው። አዋላጇ መርፌውን ወግታ ትጠብቃለች፣ ደሙ ግን አይቆምም።

ስለዚህ ማቀዝቀዣው ረቂቁ እንደሚለው ለሁለተኛው ምዕራፍ አይተላለፍ፤ ክሊኒኩ በሚከፈትበት ዕለት ይገኝ። ቀን ከፀሐይ በሚያገኘው ኃይል በረዶ ሠርቶ ሌሊቱን በዚያ የሚያድር፣ ባትሪ የማያስፈልገው የክትባት ማቀዝቀዣ አለ። እርሱን እንጠይቅ። ባትሪ ያለው ሲሆን ባትሪው ከሌላው ዕቃ ቀድሞ ያረጃል፤ ምትክ የሚገዛ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ቁም ሣጥን ሆኖ ይቀራል። አንድ ቸር ሰው የቤት ማቀዝቀዣ ቢሰጠን እንኳ ለክትባት አንጠቀምበት፤ እንደ ሄፓታይተስ ቢና ቴታነስ ያሉት ክትባቶች በረዶ ከመታቸው ይበላሻሉ።

የእንግዴ ልጅ መቅበሪያ ጉድጓድ ረቂቁ ውስጥ የለም፤ ይጨመር። መጸዳጃ ቤቱም ከውኃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ወጣት አባል፦
ገጽ 3 ላይ «ለቤተ ክርስቲያን አባላት ቅድሚያ ይሰጣል» የሚል ሐረግ አለ። እንዲወጣ እጠይቃለሁ። የምጥ ሴት ይዞ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰው የአባልነት መታወቂያ ሊጠየቅ ነው?

መጋቢ፦
ልጄ፣ ይውጣ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ጌታ የታማሚውን ሃይማኖት አላነሣም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ለሕሙማንና ለድሆች መጠለያ ሲያቆም ሌላው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ሳይቀር ተቀብሏል። እምነታችን እንዲታይ የምንሻ ከሆነ በዚህ ይታይ። የጸሎት ክፍሉ ይኑር፣ ግን ከመጠበቂያው አዳራሽ ተለይቶ፤ መግባት የፈለገ ይግባ። ታማሚ ካርድ ለማውጣት ስብከት እንዲያዳምጥ መገደድ የለበትም።

ሌላ አባል፦
መጋቢ፣ በቅድሚያው ጉዳይ እስማማለሁ። የጸሎት ክፍሉ ግን ወደ ጓሮ ከተገፋ ይረሳል ብዬ እሰጋለሁ። ይህ ቤት የተሠራው በጸሎት ነው። ቢያንስ ከዋናው በር የሚታይ ቦታ ይሁን።

ሒሳብ ሹም፦
ወደ ሰብሳቢያችን ጥያቄ ልመለስ። ሚሲዮናዊው ሐኪም አልበርት ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ1913 በጋቦን ላምባሬኔ የጀመሩትን ሆስፒታል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ትተው ሄደው በ1924 ሲመለሱ ያገኙት ፍርስራሽ ነው። ሰው የሌለበት ቤት ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጻፍ።

አንደኛው ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ነው። የመጀመሪያውን ክምችት ከለጋሽ እንጠይቃለን፤ ታማሚው የመተኪያውን ዋጋ ይከፍላል፤ በዚያው ገንዘብ መድኃኒቱ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ያወጡት የባማኮ ኢኒሼቲቭ የተባለው የጤና ዕቅድ በዚህ መንገድ የተመሠረተ ነበር፤ ድሃውን ከደጅ ይመልሳል የሚለው ወቀሳም ከዚያ ጀምሮ አልተለየውም። ወቀሳው እውነት አለው። መክፈል የማይችለውን በነፃ እናክም ብለን ብቻ ብንጽፍ ደግሞ ነፃ የተሰጠው ሁሉ ከፈንዱ እየተቀነሰ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የድሆቹን ሒሳብ ለፈንዱ የሚከፍል ሌላ ቋት ያስፈልጋል፤ ይህን ቋት የሚሞላው ለጋሽ ሳይሆን የእኛ ማኅበር በየወሩ በሚያዋጣው ይሁን። ሳምራዊው የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው።

ሁለተኛው የነርሶቹ ደመወዝ ነው። ከመንግሥት የጤና ቢሮ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር ግንባታ አይጀመር።

ጸሐፊ፦
ነህምያም ከመነሣቱ በፊት ለገዥዎቹና ለደኑ ጠባቂ የንጉሡን ደብዳቤ ይዟል። ስምምነቱን በአባሪ አስገባዋለሁ። የማኅበሩን ወርኃዊ መዋጮ በፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ለጋሹ ሌላውን ከማንበቡ በፊት እኛ የገባነውን ቃል ይይ። የገጽ 3 ሐረግ ወጥቷል። የጸሎት ክፍሉ ቦታ አልተወሰነም፤ ንድፉ ሲመጣ እንነጋገርበታለን።

መሐንዲስ፦
ንድፉ ከመሠረቱ ምርመራ በፊት አይመጣም። ረጅም መሰላል ያለውና ቁፋሮ የሚያግዘኝ አባል እስከ ቅዳሜ ያሳውቀኝ።