ማስመለስ ሲጀምር ምን እንግዛ፣ የትስ እንሂድ? ለኮዬ ፈጬና ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ጥቆማ

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነና በጀሪካን ተጠራቅሞ ስለሚቆይ፣ በተለይ በክረምት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከየቤቱ አይጠፋም። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የተበከለ ምግብና ውሃ ወይም የሆድ ቫይረስ ነው፤ ጨጓራ፣ እርግዝና፣ የመኪና ጉዞና በባዶ ሆድ የተወሰደ የሕመም ማስታገሻም ያስከትሉታል። በቅርቡ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ባቱ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከታከለበት ግን ወባ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር መቆየት የለበትም።

ከመድኃኒት ቤት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ኦአርኤስ የሚባለውን፣ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት እመርጣለሁ። ለምለም የሚባለውም ሆነ ሌላው ያገለግላል፤ ወሳኙ አበጣበጡ ነው። ባለፈው ክረምት የሦስት ዓመት ልጄ ሲያስመልስ፣ የአንድ ሊትሩን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ልሰጠው ስል ነርስ የሆነችው ጎረቤታችን ደርሳ ከለከለችኝ፤ ጨው የበዛበት ውህድ ሕፃንን ይጎዳል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ለክተን በጠበጥንና በየአንድ ሁለት ደቂቃው በሻይ ማንኪያ ሰጠነው፤ ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀን በዝግታ ቀጠልን። እፎይ ያልኩት ማምሻውን ሽንቱን ሲሸና ነው።

ለስላሳ ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጥን ያባብሳል፤ አምቦ ውሃም ለጊዜው ቢያቀልም የጠፋውን ጨው በሚገባው መጠን አይተካም። ማስመለስን ለማስቆም የሚወሰደው ፕላሲል የአንገትና የፊት ጡንቻን ሊያኮማትር ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያዝ ለልጅ መስጠትን አጥብቄ እቃወማለሁ። በአፉ መጠጣት ለሚችል ሰውም ግሉኮስ ማስሰቀል በአብዛኛው አያስፈልግም።

ቀላል ለሚመስለው ሕመም በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ የጤና መድን ያላችሁም ሪፈር የምታገኙት ከዚያው ነው። የግል ክሊኒክ ወረፋው አጭር በመሆኑ ቢመረጥም፣ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ነው ተብሎ የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ካለ፣ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት፣ ሐኪሙን በደንብ ጠይቁት።

ትውከቱ ደም ካለበት፣ የቡና አተላ ወይም አረንጓዴ ከመሰለ፣ ከባድ የሆድ ወይም የደረት ሕመም፣ የአንገት መገተር ያለበት ራስ ምታት ወይም የጭንቅላት ምት ካለ፣ ወረፋና ሪፈር ሳትጠብቁ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም በቅርባችሁ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ሂዱ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ እንባ የሌለው፣ ጡት እንቢ ያለ ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል ያልሸና ሕፃንም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡርና የስኳር ሕመምተኛ የጠጡት ሁሉ የሚወጣ ከሆነ በዚያው ቀን ይታዩ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኙትና ለአምቡላንስ 907 ደውሉ።