ከምሽጉ ሰው ይነሳ ወይስ ቧንቧው ይስተካከል?

ብሎክ 14፦ ሰላም ጎረቤቶች። ከህንድ ፎቶ ላኪ ስትሉኝ ነበር፣ ይኸው። ጃይሳልመር ይባላል፣ ራጃስታን ውስጥ ታር በረሃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1156 ራዋል ጃይሳል የሚባል ገዥ ኮረብታ አናት ላይ ያሠራው ምሽግ ነው። 99 ማማ አለው፣ ድንጋዩ ቢጫ ስለሆነ አመሻሽ ላይ ወርቅ ይመስላል። እኔን የገረመኝ ግን ዛሬም ድረስ ሰው የሚኖርበት መሆኑ ነው። አራት በር ተራ በተራ አልፌ ስገባ ቤተ መንግሥት ብቻ ነበር የጠበቅኩት፣ ያገኘሁት ግን መንገድ ዘግታ የተኛች ላም፣ የተሰጣ ልብስ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳለ የሠርግ ጥሪ፣ የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ ሳይቀር። ምሽጉ ውስጥ ለመግባት አይከፈልም፣ የሚከፈለው ለቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ነው። አሁን ኮረብታው ከሥሩ እየላላ ስለሆነ ነዋሪው ይነሳ አይነሳ የሚል ክርክር አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ብሎክ 9፦ ይነሱ እንጂ! ዩኔስኮ የመዘገበው አይደለም እንዴ? ላሊበላም አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበረው ሰው ተነስቷል። ቅርስ የሁሉም ነው፣ የጥቂት ሺህ ሰው ማጠቢያና ሽንት ቤት ሲያፈርሰው ቁጭ ብሎ ማየት አይገባም።

ብሎክ 3፦ ጋሼ፣ እርስዎም እኮ እንደኔው የልማት ተነሺ ነዎት፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ? አልዋሽም፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ስመጣ የራሴ ቤት፣ የራሴ ሽንት ቤት አገኘሁ። እድሬ ግን እዚያው ቀረ። እናቴ ስታርፍ ድንኳኑን የተከሉልኝ ከመሀል ከተማ ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡ የድሮ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ የብሎኬን ሰው ገና ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር።

ብሎክ 9፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው እትዬ። የእኛ ሰፈር 99 ማማ አልነበረውም።

ብሎክ 14፦ ጋሼ፣ አዎ ተመዝግቧል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሌሎች አምስት የራጃስታን ምሽጎች ጋር። ግን ሰው እኮ 800 ዓመት ኖሮበታል። ድሮ ውሃ የሚቀዳው ከታች ከጋዲሳር ሐይቅ ነበር፣ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ደግሞ ውሃ አያባክንም። በኋላ ቧንቧ ገባ፣ ሻወር መጣ፣ የፍሳሽ መስመሩ ግን ያን ሁሉ ውሃ የሚችል አልነበረም። የተረፈው ወደ ታች ይሰርጋል። ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር ሸክላ አፈር አለ፣ እሱ ሲርስ ከላይ ያለው ግንብ ይንሸራተታል። የፈረሱ ማማዎች አሉ።

ብሎክ 22፦ የምውለው ሳኒተሪ ሥራ ላይ ስለሆነ ይሄ ይገባኛል። ከላይኛው ፎቅ ሻወር ቤት ውሃ ሲያንጠባጥብብህ ጎረቤትህ ቤቱን ለቆ ይውጣ አትልም፣ ቧንቧህን አሠራ ትለዋለህ። መስመሩ ካልተቀየረ ሰውም ቢወጣ የዝናቡ ውሃ መሄጃ የለውም፣ በረሃ ቢሆንም ክረምቱ ሲመጣ ይዘንባል።

ብሎክ 5፦ እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። ጀጎልም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የተመዘገበው፣ ግንቡን ያሠሩት ደግሞ አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል። የአያቴ ቤት የቆመው ግድግዳው በየጊዜው እየተቀባ፣ ጣሪያው እየተጠገነ ነው። ባለቤት ያጣውን ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ጣሪያው ነው። እንጦጦ ላይ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል። ማን ይኖርበታል? ገብተን፣ ዞር ዞር ብለን፣ ፎቶ ተነስተን ወጣን።

ብሎክ 9፦ ቆሟል ግን!

ብሎክ 5፦ ቆሟል፣ እሺ 😄

ብሎክ 9፦ ደግሞ ስለ ሆቴሎቹ ማንም አላነሳም። ነዋሪ ነዋሪ ትላላችሁ፣ ውስጡ ስንት ሆቴል አለ? ፈረንጅ በቀን ሁለቴ ሻወር ሲወስድ ውሃው የት ሊሄድ ነው? እዚያ የቀረው ሁሉ በቅርሱ የሚነግድ ነው።

ብሎክ 14፦ ሁሉማ አይደለም። ድሮ ለገዥው ያገለግሉ የነበሩ ቤተሰቦች ዘሮች አሉ፣ ዛሬም ጠዋት ቤተ መቅደስ ደርሰው ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ሆቴሉ ላይ ግን ልክ ነዎት። ይሄን ስለማውቅ እኔም ያደርኩት ከታች ከተማው ውስጥ ነው፣ ቀን ወጥቼ ማታ እወርዳለሁ። ከምሽጉ ቁልቁል የሚታየው ጥሩ ነው፣ ከታች ሆኖ ምሽጉን ማየት ደግሞ የባሰ ያምራል፣ ምንም አይቀርባችሁም። የኔ ሐሳብ፣ መጀመሪያ ማደሪያው ሁሉ ይውረድ፣ ቀጥሎ የፍሳሽ መስመሩ ይቀየር፣ ነዋሪው ግን አይነካ።

ብሎክ 9፦ ታዲያ መስመሩ እስኪቀየር ለጊዜው ይውጡ።

ብሎክ 3፦ ለጊዜው ተብሎ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ አይተው ያውቃሉ ጋሼ?

ብሎክ 22፦ መውጣትም አያስፈልግም። መንገድ በመንገድ እየተቆፈረ ይሠራል። ያስቸግራል፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ግን ሰው ቤቱ እያለ የሚሠራ ሥራ ነው።

ብሎክ 9፦ ሆቴሉ ይውረድ ባለችው እስማማለሁ። በቀረው አልተስማማሁም።