የሃንድሬሉ (የደረጃ መያዣ ብረቱ) ዕቅድ፣ ከእሑድ ስብሰባ በፊት አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ (ብሎክ 22)፦ ረቂቁ ይኸው። 1ኛ፣ ጭንቅላቱን የተጎዳ ሰው በሚኖርበት መግቢያ ሁሉ ሃንድሬሉ በግራም በቀኝም ይሁን። አባዶ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለም፣ በደረጃ ነው። ብረቱ ሲወጡ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ግራ ጎኑ የሰለለ ሰው ሲወጣ በቀኙ ብረቱን ይይዛል፤ ሲወርድ ግን ብረቱ በሰለለው በኩል ይቀርበታል። 2ኛ፣ ሽንት ቤት ውስጥ የግድግዳ መያዣ ብረት። 3ኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ የባትሪ አምፖል። 4ኛ፣ የሚያንሸራትት ነገር ከቤት ይነሳ፦ ትንንሽ ምንጣፍ፣ ነጠላ ጫማ፣ ቄጠማ።

ብሎክ 9፦ ቄጠማ?

ጸሐፊ፦ አዎ፣ ቄጠማ። እርጥቡ ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ።

ብሎክ 9፦ በበዓል ቀን ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት ቤት የለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው እንዴ በየወሩ የምናዋጣው?

ብሎክ 31፦ ወንድሜ ከሞተር አደጋው ወዲህ ሁለቴ ወድቋል። ሁለቱም ሌሊት፣ ሽንት ቤት ሲሄድ። እግሩ እንደማይታዘዘው ይረሳና ብድግ ይላል። ቄጠማ አልነበረም። እኔ ብረቱን ነው የምፈልገው።

ብሎክ 9፦ ይኸው!

ብሎክ 17፦ እናቴ ግን በቄጠማ ነው የወደቀችው። ፋሲካ ዕለት፣ ረከቦቱ ላይ። ደም ማቅጠኛ ስለምትወስድ ሌሊቱን ሆስፒታል አደርን። ባህል ባህል ለሚለው ሰውዬ ሒሳቡን ልላክለት?

ብሎክ 9፦ «ሰውዬ» አልሽኝ?

ገንዘብ ያዥ፦ 4ኛው አምስት ሳንቲም አያስወጣም፣ እሱ ላይ ምን አቆማችሁ? ሃንድሬሉ እንደ ድንኳኑ እንዳይሆን ብቻ።

ብሎክ 17፦ ድንኳኑን አሁን ማን አነሳው?

ብሎክ 4፦ ብረቱን ግዙ፣ ብየዳው በእኔ። ግን የሽንት ቤቱ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። በፊሸር ብቻ ካሰራችሁት ሰው ሲንጠለጠልበት ይነቀላል። አሳልፎ ከኋላ በላሜራ ማሰር ነው። ቅዳሜ መጥቼ እለካለሁ።

ብሎክ 40፦ ቄጠማው በር ላይ ብቻ ቢሆንስ?

ብሎክ 31፦ በር ላይማ ወንድሜ ከነክራንቹ ተንሸራቶ ነው የሚሄደው።

ብሎክ 12፦ ነርስ ስለሆንኩ ልናገር። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተንገዳገደ መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው፣ ራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ከመነሳቱ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጥ። ከዘራው በጤነኛው እጁ፣ ደጋፊው በደከመው ጎን።

ብሎክ 40፦ እሺ፣ ረከቦቱ ሥር ብቻስ?

ብሎክ 2፦ ልጆች፣ መርካቶ የፕላስቲክ ቄጠማ አለ እኮ። እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ።

ብሎክ 9፦ ጋሼ ይሄ ጥሩ ነው!

ብሎክ 17፦ ጠርዙ ይነሳል፣ እግር ይጠልፋል።

ብሎክ 9፦ በማስቲሽ ይለጠፋላ። እናትሽ ግን አሁን እንዴት ናቸው?

ብሎክ 17፦ ደህና ናት። ቁጭ ብላ ታዛለች።

ጸሐፊ፦ ብሎክ 4፣ ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅንህ። ስልክህ ዝግ ነው።

ሰብሳቢ፦ በፕላስቲኩ ሁሉም ስለተስማማ ለአዳራሹ 12 ሜትር ይገዛ። የበዓሉን ቡና እዚያ በጋራ እንጠጣለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየትኛው ብር?

ሰብሳቢ፦ ለጊዜው ከሃንድሬሉ። በያጁም ጠፍቷል።

ብሎክ 31፦ ሽንት ቤቱስ? እኔ እኮ እስካሁን ወንድሜ አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ነው የማድረው።

ብሎክ 9፦ መርካቶ ነኝ። ደማቅ አረንጓዴና ፈዘዝ ያለ አለ። የቱ ይሁን?