ሥራችን ሜክሲኮና ሳሪስ፣ ልጃችን 4 ዓመቷ፦ የት ሰፈር ብንከራይ ይሻላል?

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከደሴ ነው የምጽፈው። ለነሐሴ መጨረሻ ጓዛችንን ጠቅልለን አዲስ አበባ ልንገባ ነው። ባለቤቴ ሳሪስ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ጀምሯል፤ ለጊዜው ጓደኛው ጋ ተጠግቷል። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ተቀጥሬያለሁ። ልጃችን 4 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ኬጂ ትገባለች። እናቴም አብራን ትመጣለች፤ እሷ ባትኖር ልጅቷን ማን ይይዝልኛል? ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ጠላቷ ነው።

የምንፈልገው ባለ ሁለት መኝታ ነው። አቅማችን በወር 25 ሺህ ብር፣ ብንንጠራራ 28።

እህቴ አያት ናት፤ «እዚሁ አጠገቤ ኑ» ትላለች። የባለቤቴ ጓደኛ ጀሞ ይላል። ደላላው በስልክ ሰሚትን ያሞግሳል፣ ቡልቡላን ያሞግሳል፣ ያላሞገሰው ሰፈር የለም። እኔ አዲስ አበባን የማውቃት ለሠርግና ለለቅሶ መጥቼ ነው። ካርታ ላይ ሳየው ሁሉም ቅርብ ይመስላል። እባካችሁ የኖራችሁበትን ንገሩኝ።

አምስቴ የጫነች

ስሜ ራሱ ይናገራል። በ11 ዓመት አምስት ጊዜ ዕቃ ጭኛለሁ። ኮተቤ፣ ጀሞ 1፣ ሰሚት፣ ገርጂ፣ አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም። ስድስተኛው እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው።

እህቴ፣ የሰፈሩን ስም ለጊዜው እርሺው። ማታ 11:30 ከቢሮ ስትወጪ ምን ላይ ትሳፈሪያለሽ? እሱን መልሺ። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ከወጣሽ ከየትም ሰፈር ትደርሻለሽ። ሰፈር ከሰፈር የሚለየው ማታ ነው።

ጀሞ ስኖር እኔም ሥራዬ ሜክሲኮ ነበር። የጀሞ ሰልፍ ላይ ስቆም የፊተኛውን ሰው ጀርባ እንጂ ታክሲውን አላይም። ዝናብ የጣለ ቀን ታክሲው ይጠፋል። የመጣውም «ሳር ቤት ብቻ!» ይላል። ሳር ቤት ያወርድሽና ያው ታክሲ፣ ያው ረዳት፣ እዚያው ቆሞ «ጀሞ! ጀሞ!» ብሎ ይጣራል። ሌላ ሒሳብ። አቆራርጦ መጫን ማለት ይኸው ነው። አንድ ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ነቅታ ያየኋት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ያኔ ነው ለመልቀቅ የቆረጥኩት።

ውሃውን ደግሞ ስሚኝ። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የእኛ ቀን ሲደርስም ታች ያሉት ሁሉ ሞልተው እስኪጠግቡ ድረስ እኛ ጋ አይወጣም። ስለዚህ ማታ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ከሥሩ የብረት ድስት ደፍቼ እተኛለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ድስቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እነቃለሁ። ባሌ ጀሪካን ያቀብላል፣ እኔ እሞላለሁ። እስከ 11 ሰዓት ስምንት ጀሪካን ከሞላን ጀግኖች ነን። አሁን ከጀሞ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ፤ ሌሊት የሆነ ነገር ጠብ ሲል ዛሬም ብድግ እላለሁ።

ሰሚት ስገባ ከዚያ ተምሬ ምድር ቤት ያዝኩ። እዚያ ደግሞ የአራት ፎቅ ፍሳሽ እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገነፈለ። ለእናትሽ ስትይ አንደኛ ፎቅ ፈልጊ፤ ቢበዛ ሁለተኛ። እነዚህ የድሮዎቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የላቸውም።

አንቺ ግን ሳታውቂው ዕድለኛ ነሽ። ሜክሲኮና ሳሪስ አንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው፤ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው። ከሳሪስ በአደይ አበባ፣ በንፋስ ስልክ፣ በላንቻ፣ በሪቼ አድርጎ ስታዲየምና ለገሃርን አልፎ ሜክሲኮ ይደርሳል። መሃሉ ላይ ብትከራዩ ጠዋት እሱ ወደ ታች፣ አንቺ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ። ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር እንደነበረው አይደለም፤ የሚሠራው ቁጥር ቀንሷል፣ መጠበቅ አለ፣ ግፊያው አይወራ። ቦርሳሽን ከፊት ያዢ። ቢሆንም ሐዲዱን የመኪና መዘጋጋት አይነካውም። ባቡሩ ቢቀር ደግሞ የደብረ ዘይት መንገድ እዚያው ነው፣ ታክሲ አለ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ጎተራን፣ ላንቻን፣ ንፋስ ስልክን፣ አደይ አበባን አያለሁ። ቤቱ ያረጀ ይሆናል፤ ኩሽናው ሁለት ሰው አያስቆምም። እኔ ግን 12:15 ላይ ቤቴ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደላላ ቤት የሚያሳይሽ ውሃ በመጣ ቀን ነው። አንቺ ግን ቀና ብለሽ በረንዳዎቹን ቁጠሪ። ቢጫ ጀሪካን በየበረንዳው ከተደረደረ ምንም ቢምልልሽ አትመኚው። ከዚያ በሩ ላይ ካለችው ጉልት ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ግዢና ጠይቂያት፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን? ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል? መብራትስ? እሷ ኮሚሽን የላትም።

አያት 49

አምስቴ የጫነች ያለችው ልክ ነው፤ ግን አያትን ዘላዋለች። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡርም ሜክሲኮን ያልፋል። አያት የመጀመሪያው ጣቢያ ስለሆነ ጠዋት ተቀምጠሽ ነው የምትሄጂው። እኔ ቦታ ይዤ መገናኛ እስክንደርስ እተኛለሁ፤ መገናኛ ላይ ሰው ሲጋፋ ነው የምነቃው። ባልሽ ግን ስታዲየም ወርዶ የቃሊቲውን መጠበቅ አለበት፣ እሱ ይከብደዋል። ማታም ከሜክሲኮ ስትመለሺ ወንበር አታስቢ።

አያት ብርድ አለው፤ ሌሊት ዳር ዳሩን ጅብ ይጮሃል። ልጆቼ ለምደውት «ዛሬ ዘገየ» ይላሉ።

ግን አንድ ጥያቄ። ሌሊት 8 ሰዓት ልጅቷ ብታተኩስብሽ ማንን ትጠሪያለሽ? እህት አጠገብ መኖር በባቡር አይለካም።

አምስቴ የጫነች

አያት 49፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን መመለስ አልችልም። እኔ እህት የለኝም፤ ጎረቤቴ ናት እህቴ። እሷን ለማግኘት ግን አራት ሰፈር ፈጅቶብኛል።

የጀሞው

ጀሞ ተሰደበች! ዘጠኝ ዓመት ኖሬባታለሁ፣ አልጠፋሁም። ማታ 3 ሰዓት ወጥተሽ እንጀራ፣ ሽንኩርት፣ መድኃኒት፣ ፀጉር ቤት ሁሉም ክፍት ነው። ልጆች ከብሎኩ ሥር ይጫወታሉ፤ እናትሽ ከበረንዳ ሆና ትጠብቃታለች። የታክሲው ነገር ግን… እውነት ነው። እኔ ሥራዬ ለቡ ስለሆነ አይነካኝም። ሜክሲኮ ቢሆን ኖሮ እኔም እሰድባት ነበር።

ሳሪስ አዲስ ሰፈር

ልጄ፣ እኔ ሳሪስ ተወልጄ እዚሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት እንዳትይዢ። የከባድ መኪና ነገር ሌሊትም አያቆምም፤ መስኮቱ ሲርገበገብ ታድሪያለሽ። ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ከገባሽ ግን ሌላ አገር ነው፣ ወፍ ትሰሚያለሽ።

ከኮንዶሚኒየም ውጭ ግቢ ውስጥ ያሉ ቤቶችንም እዩ። ለእናትሽ ደረጃ የለውም፤ ልጅቷም መሬት ትረግጣለች። ክፋቱ አከራይ አብሮ ይኖራል። በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ እንግዳ ማደር ይቻል እንደሆነ፣ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል፣ ሁሉንም አስቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ራሴ ሁለት ክፍል አከራያለሁ፤ ጠብ የሚነሳው በኪራይ ሳይሆን በቆጣሪ ነው።

ውሉን ደግሞ በቃል እንዳታደርጊው። በ2016 የወጣ የኪራይ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320። ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ ይመዘገባል። «ስድስት ወር ቅድሚያ» የሚልሽ ካለ አዋጁን በቁጥሩ ጥሪለት፤ ድምፁ ዝቅ ይላል። ከእኔ ጋር ቡና ከሚጠጡት አከራዮች ግማሾቹ ይህን በመጻፌ ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ።

ከካዛንቺስ የተነሳሁ

አንድ ነገር ብቻ። ቤቱን ከመያዝሽ በፊት ወረዳ ሄደሽ «ይህን አካባቢ ልማት ይነካዋል?» ብለሽ ጠይቂ። እኛ ቤቱን ቀለም ቀብተን በአራተኛው ወር ነው ውጡ የተባልነው። ቀለሙ በራሴ ገንዘብ ነበር።

የሐይቅ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳልመልስ ቆየሁ፤ ለሦስት ቀን መጥቼ ስዞር ነበር።

አያት እህቴ ጋ አደርኩ። ጠዋት እውነትም ተቀምጬ ሄድኩ። ማታ ግን ከሜክሲኮ ስመለስ አንድ እግሬ ብቻ ነው ባቡሩ ውስጥ ቦታ ያገኘው፤ ሁለተኛው የሌላ ሰው ጫማ ላይ ነበር። ባለቤቴም ከሳሪስ ተነስቶ ስታዲየም ላይ ባቡር ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ቤት ሲገባ ልጅቷ ተኝታለች። እህቴ ራት አቅርባ ፊታችንን ስታይ ምንም አላለችም። ጠዋት ስንሰነባበት «እሁድ እሁድ ትመጣላችሁ» አለችኝ፤ አልቅሳለች።

በማግስቱ ጎተራና ላንቻ ዞርኩ። ደላላው ያሳየኝ የመጀመሪያው ቤት ሰፊ ነው፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ግን አራተኛ ፎቅ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ጀሪካን ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት! ደላላው «ምን እየቆጠርሽ ነው?» አለኝ። «በረንዳ» አልኩት።

ሁለተኛው አንደኛ ፎቅ ነው። ኩሽናው በእርግጥ ለአንድ ሰው ነው፤ እናቴና እኔ በተራ ነው የምንገባው። ቲማቲም ሻጯን ጠየቅኳት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እዚያ ፎቅ በደንብ ይደርሳል አለች። ጥበቃውም ያንኑ አለ። ወረዳም ጠየቅኩ፤ ያ አካባቢ ለጊዜው የለበትም አሉኝ። ከቤቱ እስከ ኬጂው በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። እናቴ በእርምጃዋ 15 ትፈጅበታለች። አከራዩ 27 ሺህ ብለው ነበር፤ አዋጁን ሳነሳ ሳቁና «ማን ነገረሽ?» አሉኝ። የሁለት ወር ከፍለን ተፈራረምን።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ዕቃው ከደሴ በአይሱዙ ነው የሚመጣው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ስንት ይጠይቁኛል?

አምስቴ የጫነች

እንኳን ወደ ሰፈሬ መጣሽ! ዋጋውን አይሱዙው ከመድረሱ በፊት ተነጋገሪ፤ በር ላይ ከቆመ በኋላ እንደ ፊትሽ ነው የሚጠይቁሽ። ፍሪጅና ቁም ሳጥን ካለሽ ደግሞ በሸራ ሸፍነሽ አምጪው። ካዩት ይጨምራሉ። ብሎክ ስንት ነው? ቡና ይዤ እወርዳለሁ።